በቬዜር ሸለቆ፦ የሌዜዚን መንደርና አካባቢዋን በአራት ቀን ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በዶርዶኝ አውራጃ፣ የቬዜር ወንዝ የኖራ ድንጋይ ገደሎችን እየታከከ በሚጠማዘዝበት ስፍራ፣ አንድ ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ሌዜዚ የምትባል መንደር አለች። ዋናው መንገዷ አንድ ሲሆን ገደሉ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ወጣ ብሎ ስለተንጠለጠለ፣ የአንዳንዱ ቤት የኋላ ግድግዳ ራሱ ቋጥኙ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ከድንጋይ ዘመን የቀሩ 147 ስፍራዎችና ሥዕል ወይም ቅርጽ ያለባቸው 25 ዋሻዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል፤ የእኛው ላሊበላ በተመዘገበ በዓመቱ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የሚያየውን ቦታ በማብዛት ነው። በቀን አራት ዋሻ ያየ ሰው ማታ የትኛው ፈረስ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደነበረ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚከተለው አንድ መርህ ብቻ ነው፦ ጉዞው በሙሉ የሚገነባው ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ በሆነችው በአንዲት ቲኬት ዙሪያ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእርሷ ላይ ይደረደራል።

አንደኛ፦ ከሆቴልና ከባቡር በፊት የፎን ደ ጎምን ቲኬት ያስይዙ

ፎን ደ ጎም ከመንደሩ መሃል በእግር የሚደረስበት ዋሻ ነው። ልዩ የሚያደርገው ባለ ብዙ ቀለም የሆኑ የድንጋይ ዘመን ሥዕሎች፣ ቅጂ ሳይሆኑ ዋናዎቹ ራሳቸው፣ ዛሬም ለሕዝብ ክፍት የሆኑበት በመሆኑ ነው። የሰው ትንፋሽና ሙቀት ሥዕሎቹን ስለሚጎዳ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ የሚገቡትም በትንሽ በትንሽ ቡድን ተከፍለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። የሚያስተዳድረው የፈረንሳይ ብሔራዊ ሐውልቶች ማዕከል ሲሆን፣ የቲኬቱ አሸጣጥ ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ ከጓደኛ የሰሙትን አሮጌ መረጃ ይዘው ከመነሳት ይልቅ የማዕከሉን ይፋዊ ድረ ገጽ ይመልከቱ። ከበር ላይ «ኮምፕሌ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ልመና አይሠራም።

ቲኬቱን ሲይዙ ኮምባሬልንም በዚያው ያስይዙ። ሁለቱ ዋሻዎች በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆን የሚተዳደሩትም በአንድ ቢሮ ነው። ከተቻለ ፎን ደ ጎም ለጠዋት፣ ኮምባሬል ለከሰዓት ይሁን። በየሳምንቱ የሚዘጉበት ቀን ስላለ ያንንም ያጣሩ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በመንግሥት ስፍራዎች መግቢያ አይከፍሉም፤ ዕድሜያቸው ከ26 ዓመት በታች ሆኖ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ወጣቶችም እንዲሁ፣ ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ይዘው ይምጡ።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ሆቴል ይፈልጉ። ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም የተሻሉ ወራት ናቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ አውሮፓ በሙሉ ዕረፍት ወጥቶ እዚሁ የሚሰፍር ይመስላል፤ በክረምታቸው ደግሞ በግል የሚተዳደሩት ስፍራዎች ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስተካክሉ

ይህ ነገር ቀላል ቢመስልም በእኛ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ቲኬቱ ላይ 9፡30 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ነው፤ 14፡00 ከተባለ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለቡድኑ የተመደበችው ደቂቃ ካለፈች አስጎብኚው በሩን ቆልፎ ይገባል። እንደዚሁም ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በእኛ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ስለሚዘጋ ከቁራጭ ዳቦ ያለፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ትንንሾቹ ሱቆችም በዚያው ሰዓት በራቸውን ይዘጋሉ።

ሦስተኛ፦ እንዴት ይደርሳሉ?

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ቦርዶ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጃል። ከቦርዶ በክልል ባቡር ወደ ፔሪጉ፣ ከፔሪጉ ደግሞ ወደ አዣን በሚሄደው መስመር ተሳፍረው ሌዜዚ ይወርዳሉ። ይህ የመጨረሻው መስመር በቀን ጥቂት ባቡሮች ብቻ ስላሉት የጉዞውን ሰዓት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ ያውጡ፤ መጀመሪያ የሌዜዚውን ባቡር ይምረጡ፣ ከዚያ የፓሪሱን።

ቦርዶ ላይ ጥቂት ሰዓት ካለዎት አኪቴን ሙዚየም ገብተው ከሌዜዚ አቅራቢያ ከሎሴል የመጣችውን፣ በእጇ ቀንድ ይዛ በድንጋይ ላይ የተቀረጸችውን ሴት ይመልከቷት። ከሸለቆው ተቆፍሮ ከወጣው ነገር ብዙው ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፤ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ባዶ ገደል ፊት ቆሞ ግራ ከመጋባት ያድናል።

ከመንደሩ ውጭ ያሉትን ቦታዎች ለማየት መኪና መከራየት የግድ ነው ለማለት ይቻላል። የአውቶቡስ አገልግሎቱ በተማሪዎች ሰዓት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለጎብኚ አይመችም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያለዎት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ጨምረው ይያዙ። በገጠሩ መንገድ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው፤ ያ መንገድ የትራክተር ጥርጊያ ቢመስልም እንኳ። ከኢትዮጵያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሱ ተጓዦች የሼንገን ቪዛ ቀጠሮ ወራት ስለሚወስድ ቲኬቱን ከቪዛው ጋር አገናዝበው ይያዙ።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ መንደሩን በእግር

ሻንጣዎን እንዳስቀመጡ ወደ ብሔራዊ የቅድመ ታሪክ ሙዚየም ሰገነት ይውጡ። ሙዚየሙ የተመሠረተው በገደሉ ሥር በቆመ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ነው፤ መንግሥት ግንቡን በ1913 የገዛው ዴኒ ፔሮኒ በተባለው የመንደሩ አስተማሪና ተመራማሪ ጉትጎታ ነው። በ2004 አዲስ ሕንፃ ተጨምሮለታል። ሰገነቱ ላይ ፖል ዳርዴ በ1931 የቀረጸው ግዙፍ የድንጋይ ሰው ቆሞ ሸለቆውን ያያል። ትከሻው የጎበጠ፣ ፊቱ የጨፈገገ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ የወጡትን የሰው አጥንቶች አይመስልም። እነዚያ ሰዎች ቁመታቸው ቀጥ ያለ፣ መልካቸውም ከእኛ የማይለይ ነበር። የሐውልቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ እርሱ በሚያይበት አቅጣጫ ቢያዩ የወንዙ አካሄድ፣ የገደሎቹ አደራደርና የዋሻዎቹ አቀማመጥ በአንድ ዐይን ይገባሉ።

እዚህ ቆመው አንድ ነገር ያስተውሉ። ገደሉ በጎን በረጅም መስመር እንደ በረንዳ የተቦረቦረ ነው። ለስላሳው የድንጋይ ንጣፍ በውርጭ እየተሰነጣጠቀ ሲረግፍ ጠንካራው እንደ ጣራ ስለቀረ፣ ከዝናብ የሚያስጠልል፣ ወንዙም ሳይርቅ ፀሐይ የሚሞቁበት መጠለያ ተፈጠረ። ሰዎቹ የኖሩት በአብዛኛው በእነዚህ መጠለያዎች ሥር እንጂ በጥልቁ ዋሻ ውስጥ አልነበረም። ወደ ጨለማው ውስጥ የገቡት ሊስሉ ነው። ይህ ልዩነት ከገባዎት በቀጣዮቹ ቀናት የሚያዩት ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ከሙዚየሙ ወርደው በዋናው መንገድ ወደ ባቡር ጣቢያው አቅጣጫ ሲሄዱ የክሮ ማኞን መጠለያን ያገኛሉ። በ1868 ለባቡር መንገዱ ሥራ አፈር የሚቆፍሩ ሠራተኞች የሰው አጥንት አገኙ፤ የጂኦሎጂ ባለሙያው ሉዊ ላርቴ ተጠርቶ ሲያጠናው የአምስት ሰዎች ቅሪት ወጣ፣ ዕድሜውም ወደ 30,000 ዓመት ገደማ ነው። በአውሮፓ የኖሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ሰዎች (እንደ እኛ ያሉ ሰዎች) «ክሮ ማኞን» የተባሉት በዚህች ጠባብ ጥግ ስም ነው። አጥንቶቹ ዛሬ ያሉት ፓሪስ ነው። በዕድሜ ለመደነቅ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ካለ ግን ብዙም አይደነቅም፤ በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። እዚህ የሚያስደንቀው ሰዎቹ በግድግዳ ላይ የተዉት የእጅ ሥራ ነው።

ቀኑን ታያክ በሚባለው ሰፈር ባለው በ12ኛው መቶ ዘመን በተሠራው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ይጨርሱ። ከሩቅ ሲታይ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ምሽግ ይመስላል፤ ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቶቹም ጠባብ ናቸው፤ በጦርነት ጊዜ ሕዝቡ የሚሸሸግበት ነበርና።

አምስተኛ፦ ሁለተኛው ቀን፣ ሥዕል፣ ጭረትና ቅርጽ

ሹራብ ይያዙ። ውጭ ሰው በሙቀት ሲቀልጥ ዋሻው ውስጥ 13 ዲግሪ ያህል ነው። ጫማው የማይንሸራተት ይሁን፤ ቦርሳና ካሜራ መኪና ውስጥ ወይም በሩ ላይ ይቀራሉ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ወደ ፎን ደ ጎም የሚያወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ጉልበት ለደከመው ሰው ያስቸግራል፣ ስለዚህ ቀደም ብለው ይነሱ።

ዋሻው ጠባብና ረጅም መተላለፊያ ነው። «ሩቢኮን» ከሚባለው አጥብቆ ከሚያሳልፍ ስንጥቅ ወዲያ ሥዕሎቹ ይጀምራሉ። መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ምንም ላይታይዎት ይችላል፤ አይቸኩሉ። አስጎብኚው መብራቱን በጎን ሲያሳልፈው ቢሰን የሚባለው የዱር በሬ ከድንጋዩ ውስጥ ይወጣል፤ ሠዓሊው የግድግዳውን እብጠት ለበሬው ትከሻ፣ ጎድጓዳውን ለሆዱ ተጠቅሞበታልና። ቀይና ቡናማው ከብረት አዘል አፈር፣ ጥቁሩ ከማንጋኒዝ የመጣ ነው። ከሁሉ የሚበልጡት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሁለቱ ሬንዲሮች (የብርድ አገር አጋዘኖች) ናቸው፦ ወንዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፊቱ የተንበረከከችውን ሴት ግንባር ይልሳል። ያረጀው ቀለም ብዙ ጠፍቷል፤ ቢሆንም የወንዱ የጀርባና የቀንድ መስመር አንዴ ከታየ አይረሳም። ዋሻው በመስከረም 1901 ለሳይንስ ከመታወቁ በፊት የመንደሩ ሰዎች ያውቁት ስለነበር አንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ስማቸውን ጭረው ትተዋል፤ ያንንም ያያሉ።

ምሳ በልተው ኮምባሬል ይግቡ። ቡድኑ ከፎን ደ ጎምም ያነሰ ነው። እዚህ ቀለም ሳይሆን በድንጋይ ስለት የተጫረ መስመር ነው ያለው፤ ከስድስት መቶ በላይ ምስሎች በአንዱ ላይ ሌላው ተደርበው ይገኛሉ። ከፎን ደ ጎም በፊት ቢያዩት ትርምስ ይመስልዎት ነበር፤ ዐይንዎ ከለመደ በኋላ ግን ውሃ የምትጠጣውን ሬንዲርና አንበሳዋን ራስዎ ማግኘት ይጀምራሉ። የዚህ ቀን ቅደም ተከተል እንዲህ የሆነው ለዚህ ነው።

ጉልበት ከቀረዎት በበን ወንዝ ሸለቆ ወደ ካፕ ብላን ይሂዱ። በ1909 የተገኘ መጠለያ ሲሆን በግድግዳው ላይ ፈረሶች ከድንጋዩ ጎልተው እንዲወጡ ተቀርጸዋል፤ ትልቁ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ሥዕል፣ ጭረትና ቅርጽ፤ ሦስቱንም የጥበብ ዓይነት በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ላይ ማየት የሚቻልበት ሌላ ስፍራ ብዙ የለም። ከዚያው አጠገብ የኮማርክ ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ መኪናዎን አቁመው በጫካ ውስጥ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ በድንገት ረግረጋማው ሸለቆ ላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ግንብ ያያሉ። ምሽት ላይ ጸጥታው ልዩ ነው።

ስድስተኛ፦ ሦስተኛው ቀን፣ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ

በመኪና ቬዜርን ወደ ላይ ይከተሉ። ከመንደሩ ትንሽ እንደወጡ ሎዥሪ የሚባሉት የገደል ሥር መጠለያዎችና የዓሣው መጠለያ ይገኛሉ። የዓሣው መጠለያ በጣራው ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ሳልሞን ተቀርጾበታል፣ ዕድሜውም ወደ 25,000 ዓመት ነው። በዙሪያው በአራት ማዕዘን የተፈለፈሉት ጉድጓዶች ዓሣውን ቆርጠው ለውጭ አገር ሙዚየም ሊሸጡት የሞከሩ ሰዎች የተዉት ጠባሳ ናቸው። እርሱን ለማየት በፎን ደ ጎም ቢሮ በኩል ቀጠሮ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ላ ማድሌንና ለ ሙስቲዬ አሉ። ሁለቱም ለሳይንስ ስም ያበደሩ መንደሮች ናቸው፤ «ማግዳሌኒያን» የሚባለው የፎን ደ ጎም ሠዓሊዎች ዘመን ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው፣ የኒያንደርታሎች (ከእኛ የተለዩ የጥንት ሰዎች) «ሙስቴሪያን» ደግሞ ከሁለተኛው ነው። ጊዜ ካጠረዎት ሁለቱን በመንገድ ላይ አይተው ይለፉና ጊዜዎን ለላ ሮክ ሳን ክሪስቶፍ ያቆዩት።

ላ ሮክ ሳን ክሪስቶፍ አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመትና 80 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል ሲሆን፣ አምስት ደርብ ሆኖ የተቦረቦረ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዚህ ላይ መንደር ተሠርቶ ነበር፤ በ1588 በሃይማኖት ጦርነቶች ወቅት በንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ትእዛዝ እስኪፈርስ ድረስ ሰው ኖሮበታል። ላሊበላን ያየ ሰው ወዲያው ማነጻጸር ይጀምራል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ላሊበላ ሰው ከአንድ ቋጥኝ ፈልፍሎ ያወጣው ሕንፃ ነው፤ እዚህ ግን ተፈጥሮ ያዘጋጀውን በረንዳ ሰው በእንጨትና በግንብ ዘግቶ ነው የኖረበት። በግድግዳው ላይ የሚያዩዋቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የጣራና የወለል ምሰሶዎች ይገቡባቸው የነበሩ ናቸው፤ እነርሱን እየቆጠሩ ቤቶቹን በሐሳብዎ መልሰው ሊሠሯቸው ይችላሉ። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው በውስጠኛው ጎን ይሂድ።

ከዚያ በሳን ሌዮን መንደር በወንዙ ዳር ባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አርፈው ወደ ሞንቲኛክ ይቀጥሉ። ላስኮ ዋሻ በመስከረም 12 ቀን 1940 በአራት ወጣቶች የተገኘ ሲሆን፣ ከ1948 ጀምሮ ሕዝብ እየጎረፈበት የሰው ትንፋሽ ግድግዳውን በአልጌ ስላበላሸው በ1963 ለጎብኚ ተዘጋ። ዛሬ የሚታየው በ2016 መጨረሻ የተከፈተው ሙሉ ቅጂ ነው። ቅጂ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ከአምስት ሜትር የሚበልጠውን በሬ በሙሉ ቁመቱ እዚህ ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከፎን ደ ጎም ዋና ሥዕሎች በኋላ እንዲታይ በሦስተኛው ቀን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ አስቀድሞ ላስኮን ያየ ሰው የፎን ደ ጎም ደብዛዛ ቀለም ያንስበታል። የላስኮም ቲኬት በሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ አስቀድመው ይያዙ።

ስለ ምግብ ጥቂት

ፔሪጎር፣ ማለትም በቀድሞ ስሙ ሲጠራ ይህ የዶርዶኝ አካባቢ፣ የዳክዬ አገር ነው። ጾመኛ የሆነ ተጓዥ «ድንች ብቻ ስጡኝ» ብሎ እንዳይታለል፤ የሳርላ ድንች የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ሾርባቸውም ስብና እንቁላል አለበት። በለውዝ ሳይሆን በዋልነት ዘይት የተቀባ ሰላጣ፣ ዳቦና በወቅቱ እንጆሪ አስተማማኝ ናቸው። የአሳማ ሥጋ የማይበሉም ሰላጣው ላይ ምን እንደተበተነ አስቀድመው ይጠይቁ። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሳርላ ረቡዕና ቅዳሜ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ ጠዋት ካልደረሱ መኪና ማቆሚያ አያገኙም።

ሰባተኛ፦ አራተኛው ቀን፣ ከድንጋዩ ወደ ውሃው

ሦስት ቀን አንገት አቅንቶ ግድግዳ ያየ ሰው ገደሎቹን ከታች፣ ከውሃው ላይ ማየት አለበት። በሞቃቱ ወራት በሳን ሌዮንና በሌዜዚ ታንኳ የሚያከራዩ አሉ፤ ወደ ላይ በመኪና ይወስዱዎትና በራስዎ ፍጥነት እየቀዘፉ ይወርዳሉ። ቬዜር በበጋቸው ረጋ ያለ ወንዝ ነው፤ ቢሆንም ተንሳፋፊ ሰደርያውን አይፍቱ፣ ስልክዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያድርጉ፣ ልጆች መዋኘት እንደሚችሉ ያረጋግጡ። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ውሃው ከደፈረሰ ዕቅዱን ይተዉት። በቋጥኞቹ ላይ ፔሬግሪን ጭልፊቶች ይሰፍራሉ፤ በጠዋት ቀና ቢሉ ሊያዩአቸው ይችላሉ።

ውሃ የማይወድ ሰው በሌዜዚ በኩል የሚያልፈውን ረጅሙን የእግር መንገድ ይያዝ። ምልክቱ በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ መስመር ነው፤ መስመሮቹ በኤክስ ተጠላልፈው ካዩ መንገዱ ያ አይደለም ማለት ነው፣ ይመለሱ። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ማታም ገላዎን ለመዥገር ይፈትሹ።

ከሰዓት በኋላ ቬዜር ከዶርዶኝ ወንዝ ጋር ወደሚገናኝባት ወደ ሊመይ ይውረዱ። ሁለቱ ወንዞች የየራሳቸው ድልድይ አላቸው፤ ድልድዮቹ በማዕዘን ተገናኝተው አንድ ጥግ ላይ ይቆማሉ። በጠጠሩ ዳርቻ ላይ እግርዎን ውሃ ውስጥ ከነከሩ በኋላ ቀጥ ያለውን የድንጋይ መንገድ ወደ ኮረብታው ይውጡ፤ ከላይ ካለው የአትክልት ስፍራ ሁለቱ ውሃዎች ሲቀላቀሉ ይታያሉ። መኪናውን አስቀድመው የመለሱ ከሆነ ቅርብ የሆነው የባቡር ጣቢያ ለ ቡግ ላይ ነው፤ እርሱም በዚያው በፔሪጉና በአዣን መስመር ላይ ስለሆነ ወደ ሌዜዚ ይመልስዎታል። የማታውን ባቡር ሰዓት ግን ኮረብታውን ከመውጣትዎ በፊት ይመልከቱ፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ላይኖር ይችላል።